ሁለት ጊዜ ተንበርከክ ያለኝ ሰው

ጠጠር ሞተ። ባለቤቴ ሰናይት "አረፉ በል" ትለኛለች። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አስተማሪህ ናቸው፣ ቢያንስ ዛሬ እንኳን አንቱ በላቸው ትለኛለች። እኔ ግን ሞተ ነው የምለው። በሕይወት እያለ ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ ብዬዋለሁ፤ አንተ ልበል ብዬ ብሞክር ምላሴ እምቢ አለኝ። አሁን አይሰማኝም። ስለዚህ የልቤን እላለሁ።

ወሬውን የሰማሁት ሥራ ላይ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ትልቅ የአፓርታማ ሕንፃ ሜንቴናንስ ነኝ። አንዲት ሴትዮ የወጥ ቤት ሲንኳ ተደፍኖባት፣ ከሥሩ በጀርባዬ ተኝቼ ቱቦ ስፈታ ስልኬ ኪሴ ውስጥ መንዘር ጀመረ፤ አላቆም አለ። ደሴ አብረን የተማርን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ልጆች ስል፣ ከሃምሳ በታች የሆነ አንድም የለንም። "መምህር አጥናፉ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ" ይላል። ከሥሩ መልእክቱ ይጎርፋል። ታላቅ አባት፣ ሰው ያደረጉን እሳቸው ናቸው፣ እውነትን ያስተማሩን፣ ሻማ፣ ርግብ፣ የሚያለቅስ ፊት። እዚያው ሲንኩ ሥር እንደተኛሁ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። እኔም "ነፍስ ይማር" ብዬ ጻፍኩ። ልልከው ስል አጠፋሁት። ከዚያ ቱቦዬን መፍታት ቀጠልኩ።

መምህር አጥናፉ የትምህርት ቤታችን ዩኒት ሊደር ነበር። ጠጠር ያልነው እኛ ነን፤ አሁን ሻማ የሚልኩት ልጆች ራሳቸው። አጭር፣ አንገቱን ወደፊት ሰገግ የሚያደርግ፣ የኮቱ ቁልፍ እስከ ላይ የሚቆለፍ ሰው ነው። የእጅ ሰዓቱን ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ነው የሚያስረው። ሰዓት ለማየት መዳፉን ወደ ላይ ይገለብጣል፣ ምጽዋት እንደሚቀበል ሰው። አዲስ የመጣ ልጅ እንደዚያ ሲያየው የዋህ ሰው ይመስለዋል። እስኪቀጣው ድረስ ነው እንግዲህ።

ከባንዲራው እንጨት ጀርባ ከግንባታ የተረፈ ሁለት የጠጠር ክምር ነበር። አንዱ ደቃቅ፣ አንዱ ትልልቅ። ያጠፋ ልጅ ሲያገኝ እዚያ ይወስደዋል፤ ሱሪውን እስከ ጭኑ ያስጠቀልለውና "ምረጥ" ይለዋል። ሁላችንም በመጀመሪያው ቀን ደቃቁን መርጠናል። ደቃቁ ግን ቆዳ ውስጥ ይገባል። ይህን ለማወቅ አንድ ጊዜ መንበርከክ ያስፈልጋል። ስታለቅስ ምን ይልሃል፣ "መርጠህ ነው፣ አታስቸግረኝ።" ዱላ በእጁ ይዞ አያውቅም። እኔ ልጅ አልመታም እያለ ለወላጆች ይኩራራ ነበር። ተንበርከክ ይላል፣ መዳፉን ገልብጦ ሰዓቱን ያያል፣ ይሄዳል። ሕጉ አንድ ነው፤ እሱ ራሱ መጥቶ "ተነስ" ካላለህ አትነሳም። ደወል ቢደወልም አትነሳም። ዝናብ ቢመጣም አትነሳም።

የእኔን ነገር ልንገራችሁ። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ሚኒስትሪ ልንፈተን አንድ ሳምንት ቀርቶናል። የትምህርት ቤቱ ደወል ጥዱ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በዛገ ብረት ነው የሚመታው። የጠዋት ፈረቃ የሚለቀቀው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያን ቀን ግን አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተደወለ። ልጁ ሁሉ ደብተሩን ሰብስቦ እየጮኸ ወጣ፤ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔ በር ከፋች ነበርኩ፤ በየሳምንቱ በተራ ነው የሚደርሰን። የዛገውን ትልቅ በር ገፍቼ ከፈትኩት፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ በፊቴ አለፈ።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ሰልፍ ላይ ደዋዩ ካልተገኘ ማንም ክፍል አይገባም አለ። ጠጠር በየሰልፉ መሃል እየዞረ እጃችንን አየ። የእኔ መዳፍ ዝገት ነበረበት። ከበሩ ነው አልኩት። ጆሮዬን ይዞ ወደፊት አወጣኝ። የዚያን ቀን ምረጥ እንኳን አላለኝም። ደቃቁ ላይ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት፣ "ተንበርከክ" አለኝ። መዳፉን ገልብጦ ሰዓቱን አየና ሄደ።

ተማሪው ክፍል ገባ፣ ወጣ፣ ቤቱ ሄደ። የከሰዓት ፈረቃ ገባ፣ ወጣ። እኔ እዚያው ነኝ። ቤቴ እንድሄድ ያነሳኝ ዘበኛው ነው። "ልጄ ተነስ፣ ሰውዬው ከሄደ ቆየ እኮ" አለኝ። ረስቶኝ ነው የሄደው። በዘበኛ ቃል መነሳት ይቻል እንደሆነ እንኳን አላወቅኩም ነበር፤ ትንሽ አመነታሁ። ግራ ጉልበቴ ተሰንጥቆ ጠጠር ገብቶበታል። አመረቀዘ፣ አበጠ፣ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኛሁ። ሚኒስትሪ አመለጠኝ። ጓደኞቼ ዘጠነኛ ሲገቡ እኔ ከታናናሾቼ ጋር ስምንተኛን ደገምኩ። ስሜ ሙሉጌታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ደሴ ውስጥ ያወጡልኝ ስም ደውሌ ነው።

አባቴም አላመነኝም። የተማረ ሰው በባዶ ሜዳ ልጅ አያንበረክክም ነው ያለኝ። በኋላ ቁጣው ሲበርድለት ደግሞ ቀልድ አደረጋት። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ትምህርት ቤት ሙሉ ያስለቀቀው ይሄ ነው" እያለ ያስተዋውቀኛል። ይስቃል፣ እንግዳው ይስቃል። እኔ አልስቅም። እስኪሞት ድረስ ሲያወራት ነው የኖረው። ከዚያ በኋላ ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ያ ሰውዬ በአፉ "አንተ አልነበርክም" እንዲለኝ ነበር። ሰናይት እንኳን ሰልችቷታል። ሃያ ዓመት አብራኝ ስትኖር ይህን ነገር የሰማችበት ቁጥር የለውም።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። የሥራ ባልደረባዬ ደረጀ ዓሣ ማጥመድ ያብዳል። በልግ ላይ፣ ፈረንጆቹ ፎል በሚሉት ማለቴ ነው፣ ቤይ ብሪጅ የሚሉትን ድልድይ ተሻግሮ ውቅያኖሱ ዳር ይሄዳል፤ ማዕበሉ ውስጥ እስከ ጭኑ ገብቶ መንጠቆውን ይወረውራል። አንድ ቅዳሜ ይዞኝ ሄደ። ለዚህ የሚለበስ ሱሪ አለ፤ ዌደር ይሉታል። እስከ ደረት የሚደርስ፣ ውሃ የማያስገባ፣ ማንገቻ ያለው ሱሪ ነው። እኔ ከኦንላይን ርካሹን አዘዝኩ፤ እሱንም ሁለት ቁጥር አስበልጬ። እናቴ ሰፋ ያለ ግዙለት፣ ያድግበታል እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ሃምሳ ሊሞላኝ ሰፋ ያለ ገዛሁ። ሦስተኛው ማዕበል ከደረቴ በላይ መጥቶ ከላይ ገባበት። ሱሪው ሁለት ጆንያ ውሃ ሆነ። መራመድ አልቻልኩም። ደረጀ በማንገቻው ጎትቶ አወጣኝ፤ ሳቁን ሲጨርስ እንደዚህ ሰው ይሞታል አለኝ።

ደህናውን ግዛ አለኝ። አሌክሳንድሪያ አንድ የአደንና የዓሣ ዕቃ መደብር አለ፣ ዌደሩ ጋ የሚሠሩ አንድ የሀበሻ ሽማግሌ አሉ፣ አፋቸው መርዝ ነው፣ ግን እሳቸው የመረጡት ዕቃ አይቀደድም አለኝ። ሐይቅ ከተማ ነው ያደግሁት ይላሉ፣ ዓሣ ከሆነ ነገር አትከራከራቸው አለኝ። ስማቸውን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

መደብሩ ስገባ የሽማግሌው ጀርባ ነው ወደ እኔ የነበረው። አንድ ግዙፍ ፈረንጅ እያበሻቀጠ ነበር። ሰውዬው ያነሳው የወንዝ ዌደር ነው፤ ቀጭን፣ ካልሲ ያለውና ጫማው ለብቻ የሚደረግ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ይህን ለብሰህ ባሕር ከገባህ አሸዋው ጫማህና ካልሲህ መሃል ገብቶ እንደ ሞረድ ይበላዋል፣ መልሰህ ስቀለው ይለዋል። ፈረንጁ የምፈልገው ይሄን ነው ሲለው "ሌላ ሱቅ ሂድ" አለው። ሰውዬው መልሶ ሰቀለው።

ዞር ሲል አየኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን ልርዳህ የለ። "አንተ፣ ለወንዝ ነው ለባሕር?" አለኝ በአማርኛ። ለባሕር አልኩ። አላወቅኩትም። ፀጉሩ ሙልጭ ብሎ ሄዷል፣ ሰባ ሊሞላው ነው፣ የመደብሩን አረንጓዴ ሰደርያ ለብሷል። ለአንድ ሰዓት ያህል ሰደበኝ ማለት እችላለሁ። ያስተማረኝ ግን እስከ ዛሬ አንዱም አልተሳሳተም። ለባሕር ቦቲው ከሱሪው ጋር የተጣበቀውን ነው መውሰድ፣ አሸዋ የሚገባበት ቦታ እንዳይኖር። ዚፕ ያለውን አትንካ፣ ጨውና አሸዋ ዚፕ ላይ ምሕረት የላቸውም። ማንገቻው ላይ ብረት ካለ ተወው፣ በዓመቱ ይዝጋል። የእግሩ መሃል ስፌት፣ ሁለቱ እግር የሚገናኙበት ቦታ፣ ገልብጠህ እየው፤ ሱሪ ከዚያ ነው ማፍሰስ የሚጀምረው። ቀበቶ የሌለው ዌደር ሬሳ ማውጫ ነው፤ ወገብህን ጥብቅ አድርገህ ታስራለህ፣ ማዕበል ከላይ ቢመጣ እንኳን ወደ እግርህ እንዳይወርድ። ስለዚያ ስለ ሰፊው ሱሪዬ ሳወራ "ሞኝ" አለኝ። ሰው በሃምሳ ዓመቱ አያድግም አለኝ።

አንዱን አስለበሰኝ። ከጀርባ ዞረ፣ ከፊት ዞረ። ከዚያ "ተንበርከክ" አለኝ።

ሱሪው ጉልበት ላይ ይስብ እንደሆነ ለማየት ነው፤ ሁሉም ሻጭ ያስደርጋል። እኔ ግን ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ጉልበቴ ከእኔ በፊት ነው የሰማው። መደብሩ መሃል፣ ፈረንጅ ጋሪ እየገፋ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ዱብ ብዬ ተንበረከክሁ። ሚስትና ልጆች ያለኝ፣ አርባ ሁለት ቤት የምጠግን ሰው ነኝ። እሱ መዳፉን ወደ ላይ ገለበጠ፣ ሰዓቱን አየ፣ የእረፍት ሰዓቱ ደርሶ እንደሆነ እንጃ፣ እና ሄደ።

እዚያው ቀረሁ። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ሌላ ዌደር ይዞ ተመልሶ መጣና "ምን ታደርጋለህ እዚያ?" አለኝ። ያኔ ነው የተነሳሁት። "ቲቸር" አልኩት። ምላሴ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ ያመጣችልኝ ቃል ይህች ናት። ደሴ ነው፣ የደወሉ ጊዜ፣ እኔ አልነበርኩም የደወልኩት አልኩት። ድምፄ እንደ ስምንተኛ ክፍል ልጅ ቀጠነ። እሱ ፊቴን እንኳን በደንብ ሳያይ፣ "ሁላችሁም እንደዚያ ነው የምትሉት" አለኝ። ከዚያ ያመጣውን ሱሪ ዘረጋልኝና "ይሄኛው ጉልበቱ ድርብ ነው፣ ይሄን ሞክር" አለኝ። አውልቄ ጥዬለት ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ መሪውን በጥፊ ስመታ ክላክስ ጮኸ፤ አንዲት ሴትዮ ደንግጣ ዞር ብላ አየችኝ።

ለሰናይት ስነግራት ተወው አለችኝ፣ አርጅተዋል፣ የሰው ሱሪ እየለኩ ነው የሚኖሩት፣ ከዚህ በላይ ምን ይምጣባቸው አለችኝ። ልክ ነች። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ኦፍ ስሆን ከቤቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ይዤ፣ ያን ሁሉ ትራፊክ ታግሼ፣ ተመልሼ ሄድኩ። ምንም አልገዛሁም። ሱሪ ሳስወጣው፣ ሳስመልሰው ዋልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ሄድኩ። የመጣሁበትን በልቤ አውቀዋለሁ።

ያን ጉልበቱ ድርብ የሆነውን ለበስኩና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። "ጣቴ ጋ የጠበበኝ መሰለኝ፣ ይዩልኝ" አልኩት። ጫማ የሚሸጥ ሰው ሥራው ነው፣ እምቢ አይልም። መደርደሪያውን ይዞ ቀኝ ጉልበቱን አወረደ፣ ከዚያ ግራውን። ቦቲውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ። ቦታ አለው አለኝ። ተረከዙንስ አልኩት። ተረከዙም ደህና ነው አለ። ሌላኛውንስ እግር አልኩት። ያንንም አየ። ጨርሶ ሊነሳ ሲል የሚደገፍበት ነገር በእጁ ፈለገ። አጠገቡ ትንሽ በርጩማ ነበረች። በእግሬ ወዲያ ገፋ አደረግኳት። አዎ፣ አድርጌዋለሁ። ስልኬን አውጥቼ ሰዓቱን አየሁ።

ገባው። ቀና ብሎ አላየኝም፣ ዓይኑ ቦቲው ላይ ነው። "ደወሉን የደወልኩት እኔ ነኝ" አለኝ።

መጀመሪያ የሰማሁ አልመሰለኝም። እሱ ቀጠለ፣ እንደ ትምህርት ነው የሚያስረዳው። ወንድሙ ከጅቡቲ አዲስ ሰዓት ልኮለት ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ነው፤ መጠምዘዣው ተሰብሮ መጥቶ ወደ እኛ ሰዓት ማዞር አልቻለም። ስለዚህ ትይዩውን ቁጥር ነው የሚያነበው፤ አሥራ ሁለት ላይ ካለ ስድስት፣ አሥራ አንድ ላይ ካለ አምስት። ገና አልለመደውም። ያን ቀን ትንሿ ቆጣሪ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት መሃል ቆማለች። እሱ በችኮላ አሥራ ሁለት ብሎ ያዛት። ስድስት ሰዓት ተኩል ነው ብሎ ብረቱን አንስቶ ቸርኬውን መታ። ልጁ ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው ፀሐይዋን ቀና ብሎ አይቶ የገባው። ዳይሬክተሩ ሰው ሲፈልግ፣ እኔ ነኝ ማለት አቃተው፤ የዩኒት ሊደርነቱ ያስጎመጃቸው ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ሰዓቱን ወደ ውስጥ ማሰር የጀመረው አለኝ። ይሄኛው ውሸት ነው፣ በፊትም እንደዚያ ነበር የሚያስረው። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። ወይም የማስታውሰው ይመስለኛል።

"ታዲያ ለምን እኔን?" አልኩት።

"እጅህ ላይ ዝገት ነበር። ልጅ ነህ፣ ጉልበትህ ይድናል ብዬ ነው።"

"አልዳነም።"

"አይቻለሁ። ያን ቀን እዚህ ስትንበረከክ ግራህን ቀስ አድርገህ ነው ያሳረፍከው። በእሱ ነው ያወቅኩህ። ድርቡን ያወጣሁልህም ለዚያ ነው።"

አያችሁ፣ አውቆኝ ነበር። ያን ቀን አውቆኝ ነው ሁላችሁም እንደዚያ ነው የምትሉት ያለኝ። ሱሪ መርጦ ሊያካክሰኝ። ደሜ ፈላ። እሱም ግሩፑ ውስጥ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ጥቅስ እየላከ አሜን የሚያስብለን እሱ ነው። ይህን እዚያ ይጻፉ አልኩት፤ አሁን፣ እዚህ ቁጭ ብዬ ሳይ። በሰው ሁሉ ፊት ነው ያንበረከኩኝ፣ በሰው ሁሉ ፊት ይንገሩልኝ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ልጄ አለች፣ የልጅ ልጆች አሉኝ፣ በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት በዚህ ዕድሜዬ አልችልም አለኝ። "ለአንተ ነገርኩህ። ይበቃሃል።"

አይበቃኝም አልኩት።

ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። ዓይኑ ቀልቷል። እጁን ዘረጋልኝ፣ እንዳነሳው። ይነሱ ብለው፣ ክንዱን ይዤ ሳብ ባደርገው አንድ ሰከንድ አይፈጅም ነበር። ሱሪውን እዚያው አወለቅኩ፣ ክንዴ ላይ ጣል አድርጌ ወደ ካሸሯ ሄድኩ። ከኋላዬ "ሙሉጌታ አሰፋ" ሲል ሰማሁት፣ ከነአባቴ ስም፣ እንደ ስም ጥሪ። አልዞርኩም። በሩ ጋ ስደርስ አንዲት የመደብሩ ሠራተኛ ከአንድ ደንበኛ ጋር ሆና በብብቱ ይዛ ስታነሳው በመስታወቱ አየሁ። ከዚያ በኋላ እዚያ መደብር ረግጬ አላውቅም። እሱም ለግሩፑ ጥቅሱን መላክ አልተወም። ሰኞ ጠዋት "ሐሰትን የሚናገር በፊቴ አይጸናም" ብሎ ሲልክ፣ ሠላሳ ሰው አሜን አለው።

እንግዲህ ሞተ። የሞተ ዕለት ማታ ሰናይት እራት ስታቀርብ እኔ ስልኬ ላይ ነኝ። አንድ መስመር ጻፍኩ። "በስምንተኛ ክፍል ደወሉን የደወሉት መምህር አጥናፉ ራሳቸው ናቸው፤ በአፋቸው ነግረውኛል።" አያችሁ፣ ለግሩፑ ስጽፍ አንቱ ነው ያልኩት። ላክሁት። ለአንድ አሥር ደቂቃ ሻማና ርግብ ቆመ። ከዚያ የክፍላችን አለቃ የነበረው ታምራት ጻፈ። "ደውሌ፣ ዛሬም? አንተ እኮ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትለው።" ከሥሩ አንድ ሦስት ሰው የሚስቅ ፊት አደረገ። ወዲያው ደግሞ፣ ሐዘን ላይ ነን ተብሎ የእኔ መልእክት ተሰረዘ። ሻማው ቀጠለ።

ስልኩን ለሰናይት ሰጠኋት። አነበበች። ሳህኑን አስቀምጣ ከጎኔ ተቀመጠች፣ እጄን ያዘች። በጣም ቀስ ብላ ነው የጠየቀችኝ።

"ሙሌ፣ እውነት እንደዚያ ብለውሃል?"

ሰናይት ናት እንግዲህ። ያን ቀን ከመደብሩ ስመለስ ሁሉንም ነግሬያታለሁ፣ የሰዓቱን፣ የመጠምዘዣውን። ስድስት ዓመት ሙሉ አዎ አዎ ስትለኝ የኖረችው ለካ እያባበለችኝ ነው። ተቆጣኋት። ሰዓቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ነው የሚያስረው አልኳት፣ ሂጂና ሴት ልጁን ጠይቂ አልኳት። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስራል አለችኝ። እራቴን ትቼ ተኛሁ። የሰማነው ሁለት ሰዎች ነን፣ እኔና እሱ። አንዳችን ሞቷል፤ ለእኔ የሚመሰክር እሱ ብቻ ነበር።

ቀብሩ ቅዳሜ ነበር። ሰናይት ጥቁር ለብሳ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ቢያንስ እኔ ልሂድልህ ብላ ወጣች። እኔ ከደረጀ ጋር ወደ ውቅያኖሱ ሄድኩ። ነፋስ ነበር፣ ውሃው ቆሻሻ ቡኒ ሆኗል፣ ከእኛ ሌላ ማንም የለም። ያንኑ ሱሪ ለበስኩ። ወገቤን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ፣ እንዳስተማረኝ። ስድስት በልግ ለብሼዋለሁ፤ የደረጀ ሁለት ተቀዶ ተጥሏል፣ የእኔ አንዲት ጠብታ አላስገባም። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ሰውዬው ስለ ሱሪ እንኳን ቢዋሸኝ ኖሮ ሙሉ በሙሉ እጠላው ነበር።

አራት ሰዓት ገደማ አንድ ሮክፊሽ ያዘልኝ። ወደ ዳር ስቤ ዓሣው እንዳያመልጠኝ አሸዋው ላይ ተንበረከክሁ። መንጠቆውን አወጣሁ፣ ትንሽ ነበርና መልሼ ለቀቅኩት። ሄደ። እኔ ግን አልተነሳሁም። እዚያ ዳርቻ አሸዋው ሸካራ ነው፣ የተፈጨ ዛጎል አለበት፣ ጠጠር ነው ማለት ይቻላል። በድርቡ ውስጥ ምንም አይሰማም። ማዕበሉ እየመጣ ጭኔን ይመታል፣ ይመለሳል። ሰዓቴን አየሁ። አሁን ፍትሐቱን ጨርሰው አስከሬኑን እያወጡት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

"ይነሱ" አልኩ። ጮክ ብዬ አይደለም። ደረጀ ከወዲያ ምን አልክ አለኝ፤ ምንም አልኩት።

ከዚያ ትንሽ ጠበቅኩ። ለእኔም የሚለኝ ካለ ብዬ ነው፤ ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። የሚለኝ አልነበረም። ግራዬን ቀስ አድርጌ አነሳሁና በገዛ ጉልበቴ ቆምኩ። ነፍስ ይማር ግን አላልኩም።